ኤሴታና ዘጠኙ ካፒቴኖች

ኤሴታ ስለ ዓሣ ነባሪ ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት የለም፤ ችግሩ፣ የሚሰማትም የለም። የቫቫኡ ደሴት ልጅ ናት። ኒውዚላንድ አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ፣ አስተምራ፣ ዶክተር ተብላ ስትመለስ ዘመድ አዝማዱ አሳማ አርዶ ተቀበላት። ምን ተምረሽ መጣሽ ብሎ የጠየቃት ግን አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ያልተጠየቀችውን ተሸክማ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በሬዲዮ ትዞራለች። የቄሱ ሚስት ካሎ መንገድ ላይ ባገኘቻት ቁጥር፣ "ደሞ ባልሽ ዛሬ ምን አለ?" ትላታለች። ባልሽ የምትለው ዓሣ ነባሪውን ነው።

ሰባት ክረምት በትንሽ ጀልባ እየተንገላታች የጅራታቸውን ፎቶ አነሳች። እያንዳንዷን እናት ለይታ ታውቃለች። ያገኘችውም ነገር ረጅም አይደለም። እናቲቱ ለመውለድ ከቀዝቃዛው ባሕር እኛ ዘንድ ስትመጣ ወራቱን ሙሉ አትበላም፤ ልጇን የምታጠባው ከገዛ ስቧ ነው። ቱሪስት የጫነ ጀልባ በቀን አራት አምስቴ ከእረፍቷ ካስነሳት ስቧ ያልቃል፣ ልጁም ሳይጠና የመልስ መንገድ ይጀምራል። ኤሴታ የምትፈልገው እናቶች የሚያርፉበትን የምሥራቁን ሰላጤ ጀልባዎች እንዲተዉላቸው ነው። ይህንንም ተገደው ሳይሆን ገብቷቸው እንዲያደርጉት ነው።

ቱሪስት ከዓሣ ነባሪ ጋር የሚያዋኙት ጀልባዎች ዘጠኝ ናቸው። ከካፒቴኖቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ሃሎቲ ነው። ስምንቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የአጎት ልጅ ማለት ወንድም ማለት ነው። እህት ባለችበት ነውር ነገር ከተነሣ ወንድም ተነሥቶ ይወጣል። እህት ያዘዘችውንም ወንድም እሺ ብሎ ይፈጽማል፣ ለምን አይልም። ኤሴታ ይህን አጥታው አይደለም። ሰላጤውን እንዲተዉ ልትጠይቃቸው ስብሰባ ከመጥራቷ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ የምታሳያቸውን ሥዕሎች ስታበጥር ሰነበተች። ወንዶቹ ዓሣ ነባሪዎች አንዷን ሴት ተከትለው የሚራኮቱበትን አወጣች፣ የወሊዱንም አወጣች። የማጥባቱን ግን ወተት ምን ነውር አለው ብላ እዚያው ተወችው። አሥራ ሁለት ዓመት ውጭ አገር መቀመጥ የሚታወቀው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኙም ለክብር እንደሚደረገው ወገባቸውን ምንጣፍ ታጥቀው፣ ፀጉራቸውን በዘይት አብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጡ። ኤሴታ ደስ አላት። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ደርሳ፣ "እናቲቱ ጡቷን..." ከማለቷ ሃሎቲ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ብድግ አለ። ስምንቱ ተከተሉት። አንዱማ ባርኔጣውን እንኳ ረስቶ ነው የወጣው። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ምግብ ሊያሰናዱ የመጡት ሴቶች ብቻ ናቸው።

"አንቺ ልጅ!" አለች ካሎ በሳቅ እየፈረሰች። "ጎደሬው ከምድጃ ሳይወጣ ወንዶቹን በባዶ ሆዳቸው አባረርሻቸው እኮ!"

"ስለ ዓሣ ነባሪ እኮ ነው የማወራው፣ ካሎ! ስለ ራሴ አይደለም!"

"ጡት ጡት ነው፣ የኔ እመቤት።"

ኤሴታ ማልቀስም መሳደብም አማራት። አሥራ አንድ ሥዕል ቀርቷታል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እነሱ ደግሞ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጥቂት ቆይቶ የሃሎቲ ትልቋ ልጅ ሉፔ መልእክት ይዛ ገባች።

"አክስቴ፣ አባባ ሰላጤውን ትተናል ብሏል። እርስዎ ካዘዙ አልቋል፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባም። ወደ ሰሜኑ ወሽመጥ እንሄዳለን፣ አያስቡ ብሏል።"

የሰሜኑ ወሽመጥ! እናቶቹ ልጆቻቸውን ዋና የሚያለማምዱት እዚያው ነው፤ ዘጠነኛው ሥዕል ላይ አለ።

"ወሽመጡንም ይተዉ በያቸው!"

ሉፔ ወጣች፣ ተመለሰች። "እሺ ብለዋል።"

"እሺ ብቻ?"

"እሺ ብቻ።"

ሰባት ዓመት የለፋችበት ነገር በሁለት እሺ አለቀ። የፈለገችውን ሁሉ አገኘች፤ ንዴቷ ግን ጨመረ። ነገ አሳማ አትረዱ ብትላቸውም እሺ ይሏታል። እሷ ስትሞት ደግሞ እሺታቸውም አብሮ ይቀበራል፣ ልጆቻቸውም ሰላጤው ለምን ተዘግቶ እንደነበር የሚነግራቸው አያገኙም። ሉፔን አልፋ ራሷ በሩ ላይ ቆመች።

"ሃሎቲ! ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝም?"

ሃሎቲ ፊቱን ሳያዞር፣ "እትዬ፣ ትልቅ እህትን ለምን ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?" አለ።

"እንግዲያው ታዘሃል። ለምን ብለህ ጠይቀኝ!"

ካሎ እንኳ ሳቋን አቆመች። ሃሎቲ "ለም..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"እትዬ፣ ሌላ ያሻዎትን ይዘዙኝ" አለ በመጨረሻ። "ይቺን ግን አልችልም።"

ተነሥቶ ወደ ጀልባው ሄደ። ከተወለደ ጀምሮ እህቱን እምቢ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።