ሁለቱ ተክሌ ይመር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማክዳ የዘር ሐረጋችንን ኮምፒውተር ላይ ስትሞላ ቆይታ፣ "ማሚ፣ ዊርድ ነው። አንቺና አያቴ ሲስተርስ ናችሁ ይላል" አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዓይኔ ያቀረረውን በሱ አሳበብኩ። በአባት ስም ለሚቆጥር ሰው እኔና እናቴ እውነትም እህትማማቾች ነን። እኔ ራሴ ይህን ያወቅኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ጊዜው የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነበር። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። አባትሽ ሳትወለጂ ሞቷል፣ ስሙም ተክሌ ነበር ተብያለሁ። የእናቴም አባት ተክሌ ነው። ትንሽ ሆኜ ግር ሲለኝ፣ "ተክሌ የሚባል ሰው ጠፍቶ ነው?" ብላ አስቃኛለች። አሜሪካ ስንገባ ወረቀታችን ላይ የቀረው ሁለት ሁለት ስም ብቻ ስለነበር፣ እናትና ልጅ አንድ ስም መያዛችን የገረመው ፈረንጅ አልነበረም። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ጧፍ ታስይዘኛለች። "ለአባትሽ ነው" ትለኛለች። እኔም ፎቶውን እንኳ ላላየሁት ሰው ነፍስ ከልቤ እለምናለሁ።

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ዴንቨር ጸደይ መግባቱን ረስታ በረዶ ስታወርድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ የአባላቱን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍ ተጠራሁ። መዝገብ ያዧ እማማ ዘነቡ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነባሉ፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ። መዝገቡ እንዳገር ቤቱ ስም እስከ አያት ይይዛል።

"አልማዝ ተክሌ ይመር" አሉ። እናቴ ናት፤ ጻፍኩ።

"ሂሩት ተክሌ ይመር።"

የኔ ስም ነው፤ እጄ ቆመ። አንድ ተክሌ ከሌላ ተክሌ ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ሁለቱም የይመር ልጅ ሲሆኑ ግን የማይመስል ነገር ነው።

"እማማ፣ ተሳስተዋል። ይመር የእናቴ አያት ነው።"

"ምን እሳሳታለሁ! ያው በአያትሽ ስም አይደል ያደግሽው? ስንቱ በአያቱ ስም አድጓል፣ ምን ነውር አለው ልጄ" ብለው ገጹን ገለጡ። ፊቴን ያዩት ቀጣዩን ስም ከጠሩ በኋላ ነው። "ውይ በሞትኩት!" አሉ።

ስማችንን አንድ ላይ የሰማ አበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እሑድ እሑድ ጉንጬን የሚስሙኝ ሰዎች ያላወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኔን አለማወቅ።

አውቶቡስ ሳልጠብቅ የቀለጠውን በረዶ እየረገጥኩ ሄድኩ። አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ ሜክሲኳዊት ጎረቤታችን በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ታማሌ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ለኔ፣ አንድ ለእናቴ እገዛ ነበር። ያን ቀን አንድ ብቻ ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ።

እናቴ ከአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራዋ ገብታ እግሯን የጨው ውሃ ውስጥ ነክራለች።

"አባቴ በሕይወት አለ?" አልኳት።

"ማነው የነገረሽ?"

"አለ ወይስ የለም?"

"አለ" አለች፣ ውሃውን እያየች። "ሳንጋባ ነው የተረገዝሽው። የኔ አይደለችም ብሎ ስሙን ከለከለሽ። አባቴ፣ ስም ከሆነ የኔ አለላት አለና በስሙ አስጠራሽ። ለኔ አባትሽ እሱ ነው። ጧፉንም ሳበራ በልቤ ለሱ ነፍስ ነበር።"

"የሰውዬው ስም ማነው?"

"ምን ያደርግልሻል?"

የሰውዬው ክህደት ያን ያህል አላንገበገበኝም፤ አላውቀውማ። እናቴ ግን ጧፉን በእጄ ለኩሳ፣ በቁሙ ላለ ሰው ሙት ዓመት ሳለቅስ አጠገቤ ቆማ አይታኛለች። ተከድቻለሁ ያልኩት በሷ ነው። አያቴ ያደረገልኝን እንኳ እሷ ስለነገረችኝ ማመስገን አቃተኝ።

የሰውዬውን ስም የነገረችኝ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግሌንዴል የተከራየሁት ቤት ድረስ መጥታ ነው። አዲስ አበባ ማረፉን በስልክ ሰምታ ኖሯል። "አሁን ጧፍ ብታበሪለት" አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ በሕይወት እያለ ስሙን ጠርቼ "ለምን?" ልለው አልቻልኩም።

ማክዳ ኮምፒውተሩ ፊት መልሴን ትጠብቃለች። "ያንቺ ፋዘር የሚለው ጋ ማንን ልጻፍ?"

ስሙን ነገርኳት፤ ደግማ ጠይቃኝ ጻፈችው። ከሥሩም አሳዳጊ ብላ ተክሌ ይመርን እንድትጨምር አደረግኩ። ለአያቴ ዛሬም ግንቦት ሲመጣ አበራለታለሁ። ለዚያ ሰው ግን ከሞተ ወዲህ አንዲት ጧፍ አላበራሁም። በሕይወት እያለ ያበራሁለት ይበቃዋል።