ውሃ የበዛበት ምሳ

ሴትዮዋን መጀመሪያ ያየኋት የፀሐይ ጥላ ስታዛውር ነው። ከልብስ ስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቤት ተከራይቶ ቀለም እየተቀባ ነበር፤ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ጥላ አቁመዋል። ከጥላው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ መንገድ የሚጠርጉት ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ደርሳለች። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፣ አየቻቸው፣ ግራ ቀኝ ተመለከተች። ከዚያ ያንን ከባድ ጥላ አቅፋ፣ ድምፅ እንዳያሰማ እያነሳች እያስቀመጠች አጠገባቸው አደረሰችው። ፊታቸው ላይ ጥላው ሲያርፍ ተመልሳ ገባች። ሽማግሌው አልነቁም። እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ «አቤቱ፣ ይህችን ሴት መልካም ጎረቤት አድርግልኝ» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ሽርጥና የጠረጴዛ ልብስ ልታሰፋ መጣች።

«የታይ ምግብ ቤት ነው የምንከፍተው» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ወገቧን እየለካሁ ታሪኳን ጠየቅኳት፤ ሰው ሲለካ አፉ ይፈታል። የጀመረችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። የወጥ ቤቱ አለቃ ከታይላንድ የመጡ አጭር ሴት ነበሩ። አንድ ቀን በሙቀጫ የሚወቅጠው ሰው ቀረና እሷን ጠሯት። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥ የክንዷን አወራረድ ወደዱት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ዕቃ ማጠቢያው አልመለሷትም።

«ሚዛን የሚባል ነገር አይነኩም ነበር» አለችኝ። «ማንኪያውን አፌ ውስጥ ይከቱና ‹ምን ጎደለው?› ይሉኛል። ኮምጣጣው፣ ጨዋማው፣ ጣፋጩ፣ የሚያቃጥለው፣ እነዚህ አራቱ መታረቅ አለባቸው። እስኪታረቁ ድረስ ከምድጃው ዞር አያደርጉኝም።»

«አሁንስ የት ናቸው?»

«እርጅና ሲጫናቸው አገራቸው ገቡ። ሲሄዱ ‹የራስሽን ክፈቺ፤ ምላስሽ ከእኔ ይበልጣል› አሉኝ።»

ይህን ስትል ፊቷ ጠቆረ። ሥራ የበዛባት ሴት ናት፣ ደክሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በአዲሱ ቤት አስተናጋጅ ሊሆን ተነስቷል። ሰፈሩ ፊቱን በወጉ ሳይለምደው ቅጽል ስም አወጣለት፤ «አንደኛ» ተባለ። የሁሉ ነገር መልሱ ይህ ነውና። ቀለሙ እንዴት ሆነ? አንደኛ። ወገብህን ተሻለህ? አንደኛ። ቧንቧው ፈንድቶ ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቆ እንኳ ሱሪውን ሰብስቦ ቆሞ «ወለሉ አንደኛ ታጠበ» ብሎኛል።

ምግብ ቤቱ የተከፈተው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ምግብ በሚተላለፍበት ትንሽ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። የሰፋሁት የጠረጴዛ ልብስ አንዱ ጥግ ትንሽ ተሸብሽቧል፤ በክርኔ ሸፈንኩት። ከፊቴ የሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ አማቱን ይዞ መጥቷል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ የአንደኛ የድሮ የሥራ ባልደረቦች፣ ሦስት ሹፌሮች፣ ጠረጴዛውን ሞልተውታል።

«እንጨቶቹስ?» አለ አንዱ ሹፌር ማንኪያና ሹካውን እያገላበጠ። «በፊልም የምናያቸው ቀጫጭኖቹ?»

«ታይ በማንኪያና በሹካ ነው የሚበላው» አለ አንደኛ ኮራ ብሎ።

«አትለኝም! እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ በልጄ እርሳሶች ስለማመድ ነው የሰነበትኩት!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሾርባው መጣ። ዶሮና እንጉዳይ አለው፣ ከላይ ብርቱካናማ ዘይት ተንሳፍፎበታል፤ እንፋሎቱ ሎሚና ጠጅ ሳር ይሸታል። እንዲህ ያለ ሽታ ከምግብ ሲወጣ አሽትቼ አላውቅም፤ ዝናብ ያባራበት ጓሮ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጸጉር አስተካካዩ አጎንብሶ ሲያሸት መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፈነ። አማቱ ግን ከሳህናቸው አንድ ጠንካራ ዘንግ አውጥተው ወደ ብርሃኑ አነሱት።

«ልጄ፣ ይሄ ይታኘካል ወይስ ይዋጣል?»

«እንጃ እማማ» አለ አማቻቸው ጉንጩ እንዳበጠ። «እኔ አንዱን ከጀመርኩት ቆይቻለሁ፣ አላልቅ ብሎኛል።»

«ጠጅ ሳር ነው፤ ለሽታ ነው የሚገባው፣ አይበላም» ብሎ አንደኛ ሮጦ ደረሰ። ጸጉር አስተካካዩ ያኘከውን በናፕኪን ደብቆ አወጣው፤ ሹፌሮቹ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

እኔ የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀመስኩ። ሎሚው መጣ፣ ቃሪያው መጣ፣ ከዚያ ጨው። ጨው ብቻ። ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ዓይኔን አነሳሁ። ሁሉም ማንኪያቸውን እንደያዙ መብላት አቁመዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

«እንዴት ነው?» አለ አንደኛ በየጠረጴዛው እየዞረ።

«ግሩም ነው!» አሉት ሹፌሮቹ።

«እጇ ይባረክ» አሉ አማቲቱ።

ባልየው ወደ መስኮቱ ዞሮ «አንደኛ ብለዋል!» ብሎ ጮኸ።

አልፈርድባቸውም። ቤት በተከፈተበት ቀን ክፉ ቃል ማን ይናገራል? ጨው በዛ ማለት ሟርት ይመስላል። እኔም «እንዴት ነው እትዬ?» ሲለኝ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ፤ ውሸት መሆኑን ግን ሆዴ ያውቀዋል። በመስኮቱ በኩል የሴትዮዋ ዓይኖች ይታዩኛል። የሰውን ፊት አንድ በአንድ እያየች ነው፤ አፍ ሲከፈት፣ ጉሮሮ ሲውጥ፣ ግንባር ሲቋጠር። ምስጋናውን የሰማችው አትመስልም።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ። ሹፌሮቹ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጨረሱ፣ ሌላ መጣላቸው፣ እሱንም ጨረሱ። አማቲቱ የራሳቸውን ብርጭቆ ጠጥተው ወደ አማቻቸው ብርጭቆ እጃቸውን ሰደዱ። አንደኛ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሲመላለስ የሚስቱ ዓይኖች ሰዎቹን ትተው ማንቆርቆሪያውን መከተል ጀመሩ። አንድ ጊዜ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ባሏ ምስጋና ልትቀበል የመጣች መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበላት። ለሁሉም እጅ ነስታ በፈገግታ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጥታ ጎንበስ አለች።

«እትዬ» አለችኝ በጭብጨባው መሃል፣ «ጨው ነው?»

ላጽናናት ፈለግኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንደዚያ የምትጠይቅ ሴት ማጽናናት አይደለም የምትፈልገው።

«አዎ፣ እህቴ። በዝቷል።»

እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባችኝ። መጋረጃው እንደተዘጋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አይሸተኝም፣ አይጣፍጠኝም» አለች። «ቤቱን ከተከራየን በኋላ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። ትኩሳቱ ሄደ፣ አፌ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። በየጠዋቱ ሎሚ ቆርጬ አሸታለሁ። ወረቀት እንደማሽተት ነው። የሚያቃጥለውን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ሾርባውን ማን ቀመሰው?»

«ባሌ።»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል እትዬ?» አለች።

ተያየን። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን በሳቅን ነበር።

ዞራ መደርደሪያውን አየች። ከዓሳና ከጨው የሚሠራውን ቡናማ መረቅ ጠርሙስ አነሳችና ጣቷን ጽሑፉ ላይ አስኬደች። «ይሄ የሌላ ፋብሪካ ነው። የለመድኩት ስላለቀ ይሄን አመጡልኝ። እኔ በድሮው ልክ ጨመርኩት። ድሮ ቢሆን ጨው እንደሚበዛበት ጠርሙሱ ሲከፈት ከሽታው ብቻ አውቀው ነበር።»

ከዚያ እጆቿ መሥራት ጀመሩ። ግማሹን ሾርባ ቀዳች፣ ጨው ያልገባበትን የዶሮ መረቅ ጨመረች፣ የኮኮናት ወተት አፈሰሰች፣ ሎሚ ጨመቀች። ማንኪያውን ወደ አፌ አመጣችው።

«ምኑ ነው የሚቀድምዎት?»

«እህቴ፣ እኔ ይህን ምግብ በሕይወቴ ዛሬ ነው ያየሁት። ምን መምሰል እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ ያገኙትን ይንገሩኝ፤ ምን መምሰል እንዳለበት እኔ አውቃለሁ።»

ቀመስኩ። «አሁንም ጨው ይቀድማል።»

ሎሚ ደገመች። ቀመስኩ። «ሎሚው ቀደመ። ጨው ከኋላ ነው። ግን ደረቅ ነው፣ አፌን ይይዘኛል።»

«ስኳር ነው የጎደለው» ብላ ቆንጠር አድርጋ ጣለች። «አሁንስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ሎሚው ይመጣል። ከዚያ ጨው። ስውጠው አንድ ለስላሳ ነገር አለ፣ ያ ይቀራል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ጆሮዬ ድረስ ይደርሳል።»

ዓይኔን ስከፍት እሷም ጨፍናለች። «እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ነው እትዬ።»

አንደኛ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አዲሶቹን ሳህኖች ይዞ ወጣ፤ «የቤቱ ግብዣ!» ሲል ሰማነው። እኛ በመስኮቱ በኩል ትከሻ ለትከሻ ቆመን አየን። እጄን ጨብጣለች። አንድ ሹፌር ቀመሰና እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ። እጄን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው። ብርጭቆውን ገፍቶ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና ዳግመኛ ጠለቀ። ጸጉር አስተካካዩ ወሬውን አቋረጠ። አማቲቱ ሦስት አራቴ አከታትለው ከጎረሱ በኋላ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄኛው ምግብ ነው» አሉ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «የበፊቱ ባሕር ነበር።»

«እማማ!» አለ አማቻቸው ጆሮው ቀልቶ።

«ምን አጠፋሁ? አንተም እኮ የእኔን ውሃ ስትጠጣ ነበር!»

«የእርስዎን? እርስዎ አይደሉ የእኔን የጠጡት?»

ሹፌሮቹ በሳቅ ወደቁ፤ አንዱማ «እኛም ፈርተን እንጂ!» አለ። ሴትዮዋ አጠገቤ ሆና አፏን በሽርጧ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ጀርባዋን እያሻሸሁ አምላኬን በልቤ አመሰገንኩት። ይህን ቀን አሳልፎላታል፤ ምላሷንም መመለስ አይሳነውም። ነገር ግን እስኪመልስላት ድረስ በየቀኑ ምሳ አለ፤ ነገም ድስት ይጣዳል። ፊቷን ሳየው እሷም የምታስበው ይህንኑ ነው።

እንባዋን ጠረገችና ባሏ እንዳይሰማ መጋረጃውን በደንብ ዘጋችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ። «በየጠዋቱ ሱቅዎን ከመክፈትዎ በፊት በጓሮ በኩል ይግቡና ይቅመሱልኝ። እሱ ስለሚወደኝ አይችልም፣ ሰዉም ይሉኝታ ይይዘዋል። እርስዎ ያገኙትን ብቻ ይንገሩኝ። ሲከፋ ከፋ ይበሉኝ። ባለቅስም እንኳ አይዘኑልኝ፣ ከፋ ይበሉኝ። ይመጡልኛል?»