መዶሻ ያለበት አርማ

ሰሞኑን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባለው ሰፈር በኩል ሳልፍ፣ ከአንድ ግንባታ ውስጥ ብረት በመዶሻ ሲመታ ሰማሁ። የጋለው ብረት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ክላፋም ነበር የምንኖረው። ትምህርት ቤት፣ የቤተሰባችሁን ስም ታሪክ ጠይቁና አርማውን ሥላችሁ ኑ አሉን። እኛ ደግሞ ምን የቤተሰብ ስም አለን? ያለን የአባት ስም ነው! ክሮኤሺያዊት ጓደኛዬ ግን እኛ ቤት ወጥ እየቀረበ ሳለ፣ ጋሻ ላይ መዶሻ የሣለችበትን ወረቀት ዘረጋች። "ኮቫቺች የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው። የአያቴ አባት መዶሻውን ብቻ ይዞ ነው በመርከብ የተሰደደው" አለች ኩራት ኩራት እያላት። እኔ ሞኟ ለእናቴ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ወይ ጉድ! እናቴ ወጡን በፎጣ ጋረደችው።

"ቡዳ ናታ!"

"ማሚ፣ ጴንጤ አይደለሽ እንዴ? በቡዳ ታምኛለሽ?"

"አላምንም! በኢየሱስ ስም እገሥጻለሁ! ግን ወጡን ለምን እንዲህ ታየዋለች?"

ልጅቷ ርቧት ነዋ፤ ሌላ ምን ሊሆን!

ልጅቷ እንደሄደች እናቴ "ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትበላ" አለች። ያለችኝ ጓደኛ እሷ ብቻ ነበረች፣ አለቀስኩ። አባቴ ጠራኝና "ነይ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ" አለኝ። ከልጅነቴ ያስጠናኝን የአያት ቅድመ አያት ስም መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ አስቆመኝ።

"እሳቸው ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ።"

እናቴ ፎጣዋን እንደያዘች ዞረችበት። "አንተ! ሽማግሌ ስትልክ 'ከማረሻ የማይለዩ ሰዎች ናቸው' አላስባልክም?"

"ታዲያ መቼ ተለዩ?" አላት። "ደግሞስ ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ስኖር መቼ በላሁሽ?"

እናቴ ራሷን ቁልቁል አየች። "እንዲያውም ወፈርኩ" ብላ ሳቋ አመለጣት። በሳምንቱ ጓደኛዬ ስትመጣ "ብዪ የኔ ልጅ" እያለች ሰሃኗን ቆለለችላት።

አባቴ ዛሬ የለም። ይናፍቀኛል። ለቅሶው ላይ ጓደኛዬ ዓይኗ አብጦ ገብታ ከእናቴ ጎን ስትቀመጥ፣ አንዲት ጎረቤት "ይቺ ፈረንጅ ማን ናት?" ብላ ጠየቀች።

"ዘመድ ናት" አለች እናቴ እጇን ሳትለቅ፣ "በባለቤቴ በኩል።"