እትዬ አስካለ የቀቡት ጓዳ

እትዬ አስካለ ሞቱ አሉኝ። «የትኛዋ አስካለ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሌላ አስካለ የማውቅ ይመስል። ልጃቸው ነገረችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሼ ደወልኩና እንደገና ጠየቅኋት። ታግሳ እንደገና ነገረችኝ።

አሁንም አላመንኩም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቤት ውስጥ ንድፍ ሥራዬ ነው። «ይቺ ሴትዮ ከኦፍ ኋይት ሌላ ቀለም አታውቅም እንዴ?» እያላችሁ የምትቀልዱብኝም አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ሳሎን አምጡ፣ ምግብ ቤት አምጡ፣ ክሊኒክ አምጡ፣ ያው ሞቅ ያለ ነጭ ነው የምቀባላችሁ፤ ከወተት ላይ የሚገፈፍ ስልባቦት የመሰለ። ከየት እንዳመጣሁት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፈርቼ ነው። ያ ዘመን ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ እኔ ግን ዛሬም ስለሱ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

እትዬ አስካለ የእናቴ አብሮ አደግ ነበሩ፤ የሚኖሩትም መንዝ፣ ዘመሮ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በቀይ ሽብሩ፣ አዲስ አበባ ጓደኞቼ ከየቤታቸው ሲለቀሙ እናቴ ወደ እሳቸው ሰደደችኝ። ገና ተማሪ ነበርኩ። ስደርስ ምንም አልጠየቁኝም። «ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉኝ፤ በቃ።

ብዙም ሳልቆይ ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ የሚል ወሬ መጣ። እትዬ አስካለ የጓዳውን ጫፍ በእንጨትና በጭቃ ከፈሉት። ከኋላው አንድ ሰው ጉልበቱን አቅፎ የሚቀመጥበት ቦታ ቀረ። መግቢያዬ ከእህል ጎታው ጀርባ ያለች ቀዳዳ ነበረች።

ችግሩ፣ አዲስ ጭቃ ያስታውቃል። እሳት እያነደዱ አደረቁትና በነጭ አፈር ለቀለቁት። ቀለሙ ግን ሞቅ ብሎ ወጣ፤ ጭስ ከጠገበው ከድሮው ግድግዳ ጋር አልገጠመም። ስለዚህ ጓዳውን ሙሉ ቀቡት።

ፈታሾቹ የመጡት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ውሻው ሲጮህ ወደ ቀዳዳዬ ገባሁ። እትዬ አስካለ ጎታውን ጎትተው ሲመልሱት ሰማሁ፤ ከዚያ የቦት ጫማ ኮቴ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በዓል ደርሶ ነው ቤት የምትቀቢው?» አለ አንድ ካድሬ።

ይቺን ጥያቄ ሁለታችንም አላሰብናትም። ቤት የሚቀባው ለበዓል ነው፤ ያኔ ደግሞ ምንም በዓል አልነበረም።

«ዓይኔን አሞኝ ነው ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ። «ነጭ ይጮኻል። ትንሽ አፈር ጨምሬ አሞቅሁት።»

ከዚያ የካድሬው መዳፍ ግድግዳውን ሲዳብስ ሰማሁ፤ እዚሁ ጆሮዬ ሥር። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ሽንቴ አምልጦኛል። በዚህ ዕድሜዬ ምን አፍራለሁ፣ አምልጦኛል።

«ያምራል» አለ። «ነገ መጥተሽ ጽሕፈት ቤታችንን እንዲህ አድርገሽ ትቀቢልናለሽ።»

በማግስቱ የተረፋቸውን አፈር በባልዲ ይዘው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ኋላ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ቢይዟቸውስ? ቢገርፏቸውና ቢናገሩስ? ግማሹ ፍርሃቴ ለእሳቸው ነው፤ ግማሹ፣ መዋሸት ምን ይሠራል፣ ለራሴ ነው።

አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም።

«ከወዲያኛው ክፍል ሰው ሲያለቅስ ይሰማል» አሉኝ። «የሰማሁ እንዳይመስልባቸው እያንጎራጎርኩ ቀባሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አላነሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ክረምቱ ሲወጣ በመርሐቤቴ በኩል ቆላ ወርጄ ተረፍኩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያኔ የንድፍ ሥራዬን ጀምሬአለሁ። «‹ነጭ ይጮኻል› የሚለውን አባባልዎን ለደንበኞቼ ሁሉ እያስተማርኩ እንጀራዬን እበላለሁ» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አይ ልጄ! ምን አባባል አለው? ፈርቼ እኮ ነው። ያረጀ እንዲመስል ብዬ ቢጫ አፈር ቆንጠር ላደርግበት ስል እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ዘፍ አለብኝ። እንዳልደፋው፣ ሌላ ነጭ አፈር የለኝ። ሰውዬው ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣውን ቀባጠርኩ።»

«ይፈሩ ነበር እንዴ?»

«እንዴት አልፈራ? ልጆቼን ይፈጁብኛል እያልኩ! ማለዳ ማለዳ፣ ዛሬስ ‹ሂጂልኝ› እላታለሁ ብዬ ነበር የምነሳ። ቁጭ ብለሽ ቁርስሽን ስትበዪ ሳይ ደግሞ፣ በቃ ነገ እላታለሁ እላለሁ።»

እኔ ደግሞ አጠገባቸው ተኝቼ፣ እኚህ ሴት ፍርሃት የሚባል አልፈጠረባቸውም እያልኩ ነበር የከረምኩት።

እትዬ አስካለ፣ ደፋር ቢሆኑ ኖሮ ውለታዎ ይቀልለኝ ነበር። ደፋር ሰው ቢያደርገው ተፈጥሮው ነው እል ነበር። እርስዎ ግን እንደኔው ፈሪ ነበሩ። አንዲት የሰው ልጅ ተሳድዳ ደጄ ብትቆም እኔ እንደርስዎ ማስገባቴን አላውቅም። ይኼ ዛሬ ከሞትዎ እኩል እያስፈራኝ ነው።

ያቺን «ሂጂልኝ» አንድም ቀን ሳይሏት፣ ይኸው እርስዎ ሄዱብኝ። ደህና ይግቡ፣ እትዬ።