የመሪው ዘይትና የጠርሙሱ ክር

እኔ ፈሪ ነኝ። ማኪና የቆመበት ቦታ ትንሽ ቁልቁለት ካለው ጎማው ሥር ድንጋይ ሳላደርግ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤታችን ጉለሌ፣ ከእጽዋት ማዕከሉ ዝቅ ብሎ ነው፤ መንገዱ ከበራችን ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ልጄ የጎረቤት ልጆችን በአሮጌዋ ማኪናችን እየጫነች፣ በዚህ ቁልቁለት ዊንጌት አካባቢ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ታደርሳለች። እንጀራዋ ይሄ ነው። በየማለዳው መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር በር ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእመቤቴ እሰጣታለሁ።

መንዳትም መጠገንም ያስተማራት አባቷ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት ማኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ መንዳቱን ተወ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስንለው ግን "አያለሁ እኮ" ይላል። የቀረችለት ሥራ አንዲት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ውሃውን፣ የሞተሩን ዘይት፣ የመሪውንና የፍሬኑን ዘይት እያየ የጎደለውን ይሞላል። በዚያን ሰዓት ፊቱ የድሮው ሾፌር ፊት ነው። መንገደኛ "ጋሼ፣ ዛሬም ሥራ ላይ ነዎት?" ሲለው ወገቡን ቀና ያደርጋል።

እኔም የራሴ አመል አለኝ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ጠርሙስ ላይ የሚጻፍ ጥቃቅን ፊደል ያታክተኛል። ስለዚህ ማድ ቤት ያሉትን ጠርሙሶች አንገታቸው ላይ ክር አስሬ በቋጠሮው ነው የምለያቸው። ባለቤቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል።

"ማተብ አሰርሽላቸው?" ይለኛል። "ክርስትና የተነሡት መቼ ነው?"

"በነጭ ጋዝ የተጠበሰ እንቁላል ከማበላህ ይሻላል" እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ገበያ ልታደርሰኝ ቁልፏን ይዛ ወጣችና ማኪናዋ አጠገብ ቆም አለች። አባቷ የቅዳሜ ሥራውን ጨርሶ ቁርሱን ሊበላ ገብቷል። እሷ ዘይቶቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ አነሣች። ሙሉ የነበረው ጎድሏል። ኮፈኑን ከፍታ አየች፤ የፍሬኑ ዘይት ግን ከነበረበት ከፍ አላለም። የመሪውን ዘይት ክዳን ፈታች፣ ጣቷን ነክራ አሸተተች። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ደብዝዟል።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

"አባዬ የፍሬኑን ዘይት መሪው ውስጥ ጨምሮታል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሞተሩ ከተነሣ ሁሉም ጋ ይዳረሳል። መሪው ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ይበላቸዋል። ከዚያ ማፍሰስ ነው፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል።"

ቁልቁለቱም፣ የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚቀመጡት ልጆችም ባንድ ላይ ታዩኝ።

"ሁለተኛ ይሄን ኮፈን እንዳይነካ ንገሪው" አልኩ። "አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።"

"እማዬ፣ ይሄንንም ከከለከልነው ምን ይቀረዋል?"

"የሰው ልጆች እኮ ናቸው የምትጭኚው።"

"አውቃለሁ። የመሪዋ ውስጥ በአዲስ ዘይት ሳይታጠብ አንድም ልጅ አልጭንባትም። ግን የምነግረው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የሚነግረኝ። ትንሽ ታገሺኝ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከመሪው ዘይት ትንሽ በክዳኑ ቀዳችና አባቷን ጠራችው። እጁን እየጠራረገ ወጣ።

"አባዬ፣ ይሄ ከመሪው የወጣ ነው። አላማረኝም። እስቲ አሽተው።"

ክዳኑን ተቀብሎ አፍንጫው ጋ አስጠጋ። ጣቱን ነክሮ ከአውራ ጣቱ ጋር አሻሸው። ደግሞ አሸተተው።

"የፍሬን ነው የገባበት" አለ። ወዲያው እጁ ቀጥ አለ። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ማን ጨመረው ብሎ አልጠየቀም። እኔ አፌን ልከፍት ስል ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ሞተሩን አስነሥተሻል?" አላት በመጨረሻ።

"አላስነሣሁም።"

"ጎበዝ።" ክዳኑን መለሰላት። "በይ፣ ክሪኩን አምጪ። መታጠብ አለባት።"

እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዓይኑን አልጠየቀችውም። ገና ያልደከሙትን፣ አፍንጫውንና ጣቱን ጠየቀቻቸው። አልዋሸችውም፣ አላዋረደችውምም። እኔ ብሆን ጮኼ ሰፈሩን እሰበስብ ነበር።

አዲስ ዘይት ከአዲሱ ገበያ ገዝታ መጣች። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሣች። እኔ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ስጨምር፣ ደግሞ ስጨምር፣ ባለቤቴ "ማኪናዋን ልትቀብሪያት ነው?" አለኝ። ሲቀልድ ስሰማ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

መጀመሪያ የመሪው ዘይት ማስቀመጫ ውስጥ ያለውን በሲሪንጅ መጥጣ አወጣች። ከዚያ ዘይቱ የሚመለስበትን ቱቦ ነቅላ ጫፉን ባዶ ጄሪካን ውስጥ ከተተች። አባቷ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ እንደጠፋ እሱ መሪውን ዳር እስከ ዳር ያዞራል፣ እሷ አዲስ ዘይት ከላይ ትጨምራለች፣ አሮጌው በቱቦው ይወጣል።

"ወደ ግራ፣ አባዬ።"

"ግራ ደርሻለሁ። አንቺ ከላይ እንዳይጎድልብሽ፣ አየር ይስባል።"

"አይጎድልም።"

"አይጎድልም ያለ ሾፌር ስንቴ መንገድ ላይ ቆሞ አይቻለሁ።"

መጀመሪያ የወጣው ዳለቻ ነበር፣ ቀጥሎ ሮዝ የመሰለ። እኔ ንጹሕ ቀይ ሲመጣ "ጠራ" አልኩ። ልጄም "ጠርቷል" አለች። እሱ ግን "ቀለሙን እናንተ እዩ፣ መጠኑን ለኔ ተዉት። ትንሽ ይጨመር" አለና ማዞሩን ቀጠለ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር፤ ደክሞታል፣ ግን ማንም ይተካኝ አላለም።

ቱቦው ተመልሶ ተገጠመ። ማኪናዋ ወረደች፣ ሞተሩ ተነሣ። መሪው ሲዞር መጀመሪያ አቃሰተ። ባለቤቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና "አየር ነው፤ ቀስ ብለሽ መላልሺው" አላት። መላለሰችው። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ቁልቁለቱን ሦስታችንም ወርደን ተመለስን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበሩን ጨምድጄ። ልጄ መሪውን እንደ ልቧ ታዞረው ነበር።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሁለቱን ጠርሙሶች ከመደርደሪያው አንሥቶ ማድ ቤት ድረስ መጣ።

"ያን ክርሽን አምጪው" አለኝ።

"ምነው፣ ክርስትና ሊነሡ ነው?"

"ሊነሡ ነው። ለመሪው አንድ ቋጠሮ፣ ለፍሬኑ ሁለት። ጠበቅ አድርጊው።"

አሰርኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳሰሳቸው፤ አልተሳሳተም።

የሐኪሙን ነገር ገና እንከራከራለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ኮፈኑን ከፍቶ፣ ባለ አንድ ቋጠሮውን ጠርሙስ በእጁ ይዞ፣ "ልጄ፣ ነይና ቀለሙን እይልኝ" ብሎ ተጣራ። እስክትመጣ ድረስ ክዳኑን አልፈታም።