ያልደፋሁት ውሃ

ሰው አገሩን ጥሎ የሚወጣው በጨለማ ነው ይባላል። እኔ ግን ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ዙህር ሳይሰገድ፣ የጣሊያን ካሚዮን ባልዲ በእጄ ይዤ ነው። ውሃ ቅዳ ተብዬ ነበር የተላክሁት። ወንዙን ተሻገርሁና ዝም ብዬ መሄዴን ቀጠልሁ። የእናቴ ቤት ጣራ ከማሽላው በላይ ይታየኝ ነበር፤ ብጣራ ትሰማኛለች። አልተጣራሁም።

እናንተ የሮቢት ሰዎች የጣሊያንን መኪና የሰበረ አርበኛ እያላችሁ ታወሩልኛላችሁ አሉ። ወላሂ፣ እንደሱ አይደለም። እዚህ ዓደን ተቀምጬ የምጽፍላችሁ እውነቱን እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሥራዬ የካሚዮን ረዳት ነበር። ጎማ እለጥፋለሁ፣ ጭነት አስራለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የራዲያቶሬውን ውሃ እቀይራለሁ። ራዲያቶሬ የሚሉት ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ የሚቀመጥበት ነው፤ ቆላ ሲገባ እንደ በቅሎ ይጠማዋል። ሥራውን ያገኘሁት በእህቴ ባል በጋሼ እንድሪስ ዋስነት ነው። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው፣ «ቢጠፋ እኔን ያዙኝ» ብለው ፈረሙልኝ።

አንድ ቀን ተራራው አናት ጣርማ በር ላይ፣ የመኪናው ዋሻ አጠገብ አደርን። ሾፌሩ ማሪዮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «የራዲያቶሬውን ውሃ በሙሉ ድፋው» አለኝና ወደ ድንኳኑ ገባ። መክፈቻውን አላላሁት። ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር እጄ እምቢ አለኝ። ያን ውሃ ከወንዛችን እየተመላለስሁ የቀዳሁት እኔ ነኝ። በበጋ ለአንድ ገንቦ ስንት ሰው እንደሚጋፋ ታውቃላችሁ። ውሃ በከንቱ መድፋት ኢስራፍ ነው፣ አላህ የማይወደው ብክነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ደግሞስ ነገ መልሼ ለምሞላው? ዘጋሁትና «ደፍቻለሁ» ብዬ ተኛሁ። ፈረንጅ የውሃ ዋጋ አያውቅም ብዬ በልቤ ስቄበታለሁ።

ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ካሚዮኑ ሥር ስገባ የሞተሩ ብረት ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ እንደ አሞሌ ጨው የነጣ ነገር ወጥቷል። በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ።

የጣሊያኖቹ አዛዥ ካፒታኖው ፊት አቆሙኝ። የሚያስተረጉመው የደብረ ሲና ሰው ነበር።

«ማን ልኮህ ነው የሰበርኸው? የየትኞቹ ሽፍቶች ሰው ነህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ አልሰበርሁም። ውሃው ነው።»

«ውሃ ብረት ይሰብራል?»

«እኔም የቸገረኝ ይኸው ነው።»

አስተርጓሚው ሳቁ እንዳያመልጠው ጢሙን ያሻል።

«እዚህ ተራራ ሥር ተወልደህ ውርጭ ውሃን በረዶ እንደሚያደርግ አላውቅም ትለኛለህ?»

«ጌታዬ፣ ተራራውን የማውቀው ከሥሩ ነው። አድሬበት አላውቅም።»

«ታዲያ ሳትደፋ ደፍቻለሁ ያልኸው ለምንድን ነው?»

ኢስራፍ ነው ብለው ማን ያምነኛል? ካፒታኖው «ሳቦታጆ» ብሎ ጻፈ፤ ሆን ብሎ አበላሽቷል ማለት ነው። ስወጣ አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ፣ «ደሴ ነው የሚወስዱህ። በዚህ ነገር ሄዶ የተመለሰ አላየሁም» አለኝ።

እጄን አስረው በሌላ ካሚዮን ጫኑኝ። ጠባቂዬ ያገራችን ሰው፣ ባንዳ ነበር። ሮቢት ስንደርስ ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ባልዲ ወርውሮ «ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ባንዳው እጄን ፈታልኝ፣ ሊከተለኝ ተነሣ፣ ፀሐዩን ቀና ብሎ አየና ሾላው ሥር ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዋስህ ጋሼ እንድሪስ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«በል ቶሎ ና። በሳቸው ላይማ አትጠፋም።»

ጠመንጃ ይዞ እንኳ ያመነው ዋሴን ነበር። እኔ ግን ጠፋሁ። ደሴ ላይ የስቅላቱ ገመድ ታየኝና ጠፋሁ። ወንዙን ስሻገር የጋሼ እንድሪስ ፊት ከፊቴ አልጠፋም፤ እግሬ ግን አልቆመም።

የአፋሮችን ግመል ተከትዬ ስንት ቀን እንደሄድሁ አላውቅም። ታጁራ ደርሼ በጀልባ ወደ ዓደን ተሻገርሁ። ሙቀቱ የሮቢትን ይመስላል፤ የሮቢት ግን ማታ ነፋስ አለው፣ ፓፓያ አለው፣ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ሰው አለው። እዚህ አከራዬ ገና በር ላይ፣ «ውሃ በቀን አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ከጠጣህ አትታጠብም፣ ከታጠብህ አትጠጣም» አለኝ።

«ለውዱእስ? ለሶላት መታጠቢያውስ?»

«አሸዋውን አላህ ያበዛው ለምን ይመስልሃል?»

ሥራዬ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ያው ራዲያቶሬ። አሠሪዬ ድፋ ሲለኝ ወዲያው እደፋለሁ።

ወሬ የሚመጣልኝ በታጁራ ነጋዴዎች ነው። መጀመሪያ የመጣው፣ «ጋሼ እንድሪስ ባንተ ፈንታ ታስረዋል፤ እጅህን ስትሰጥ ይፈታሉ» አለኝ። ሁለተኛው የሳቸውን ቃል ይዞ መጣ፤ «እኔ ዕድሜ የጠገብሁ ሽማግሌ ነኝ። ስንቄን እህትህ ታመጣልኛለች። አንተ አትምጣ» ብለዋል። ሦስተኛውም ይዞ የመጣው ያንኑ ቃል ነው።

እዚህ ያሉ ያገሬ ልጆች ስለ ጋሼ እንድሪስ «ይኼ ነው ሰው!» ይላሉ። እኔ ግን እውነቱን እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ነጋዴ መጣ በተባለ ቁጥር «ና» ብለውኝ ይሆን እያልሁ እፈራለሁ። «አትምጣ» ሲባል እፎይ እላለሁ፤ እፎይ ማለቴ ደግሞ ከሳቸው መታሰር በላይ ያሳፍረኛል። አገሬ እንዴት እንደሚናፍቀኝ ለማን እናገራለሁ?

ትናንት ከታጁራ ጀልባ ገብቷል አሉ። እስካሁን ወሬ ልጠይቅ ወደቡ አልወረድሁም።