ሐጁ በዜማ የጠየቁት ውሃ

ካርቱም የገባሁት የድምፅ ትምህርት አራት ዓመት ተምሬ፣ የኦፔራ ዜማዎች በቃሌ ይዤ ነው። እዚያ ግን ኦፔራ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። በሐበሻ ሠርግ ዘፈንኩ፣ በቤተ ክርስቲያን ዘመርኩ። አንድ ሰሞን ደግሞ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቀጥሮኝ፣ ድምፅ ማጉያ ይዤ የሻሹንና የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን የቶብ ዋጋ በዜማ እጠራ ነበር። ዐረብኛዬ ስብርብር ያለ ስለነበር ሰው ቆሞ ይሰማኛል፤ ይስቃል፤ ይገዛል።

አንድ ቀን አንዲት ሱዳናዊት ቶቧን ሳትመርጥ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ቤት ውስጥ ሥራ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። «አባቴ ታመዋል። ቤታችን ዝም ካለ ሰባት ወር ሆነው።»

እንዲህ ሆኖ ማንሺያ ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ያለው ቤታቸው ገባሁ። አባትየው በዓባይ ላይ የመርከብ ካፒቴን የነበሩ፣ መካ ደርሰው የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁሉም ሐጅ ይላቸዋል። በሽታው ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ወስዶባቸዋል። የሚባለውን ሁሉ ይረዳሉ፤ መልሱ ግን ከከንፈራቸው አይወጣም። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ በኩል ወንዙን ያያሉ። አቧራ በተነሳ ቀን ወንዙና ሰማዩ አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆኑና፣ ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አንሶላ እያጠፍኩ ድምፄን ማፍታታት ጀመርኩ። የፈረንጁን ስልት ትቼ በእኛው አምስት ኖታ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ስወርድ ከኋላዬ ሌላ ድምፅ አብሮኝ ወረደ። ዞርኩ። ሐጁ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጎራጉራሉ። የሱዳኖችም ዜማ በእነዚያው አምስት ኖታዎች ነው የሚሄደው። ያኔ አንድ መምህሬ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፦ ንግግር የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዜማው አይጠፋበትም።

በማግስቱ በአንድ ቃል ጀመርን። ውሃ በእነሱ ቋንቋ ሞያ ነው። በሁለት ኖታ፣ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጌ እዘምርላቸዋለሁ፤ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተሉኛል። ዜማው ይመጣል፤ ቃሉ አይመጣም። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ልተወው ብዬም ነበር።

አንድ ቀትር ላይ በረንዳውን እያጠብኩ ሳለ ልጅየዋ ከማድቤት ወጣች።

«ማነው ‹ሞያ› ብሎ የጠራው?» አለች።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት።

ሁለታችንም ወደ ክፍሉ ሄድን። ሐጁ ደገሙት፤ በዜማ፣ በደንብ አድርገው። ልጅየዋ የውሃውን ብርጭቆ በጥድፊያ ስታቀብላቸው ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ሳቁ።

በዚያ ዓመት ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ከሐበሻ የቤት ሠራተኞች ጋር አንድ የመዘምራን ቡድን ነበረኝ። ዕረፍታቸው አርብ ስለሆነ አርብ እንለማመዳለን፤ ነገር ግን የተከራየነው ክፍል ባለቤት ጩኸት በዛ ብሎ አስወጣን። ልጅየዋ ይህን ስትሰማ «ግቢው ሰፊ ነው፤ ያላ፣ አምጫቸው» አለችኝ።

መጡ፤ አሥራ አራት ሴቶች። መጀመሪያ ላይ እንደ ሥራ ቤታቸው ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ። ሐጁ ወንበራቸው ከኒሙ ዛፍ ሥር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል። ገና ሳንጀምር እሳቸው የመርከበኞችን አንድ ዜማ አነሱ። ቃላቸው ግማሹ ጥርት ያለ፣ ግማሹ የተዋጠ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ዜማውን ተቀበሏቸው። ከጎረቤት በር ዘበኞቹ ብቅ አሉ፤ ከዚያ የጎረቤት እመቤቶችም። ሠራተኛቸው ስትዘፍን ሰምተው የማያውቁ እመቤቶች ቆመው ይሰማሉ። ከሴቶቹ አንዷ የራሷን እመቤት አየች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አላደረገችም።

ሐጁ ንግግራቸው እንደ ድሮው አልተመለሰም። የሚፈልጉትን እስከ መጨረሻው በዜማ ነበር የሚጠይቁት። ከእሳቸው በኋላ እንዲህ ንግግር የጠፋበት ሰው ያላቸው ሌሎች ቤተሰቦች ፈልገው አገኙኝ። መጨረሻ ላይ የሄድኩት ጀሪፍ፣ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ዘንድ ነው። ከምን እንጀምር ብዬ ስጠይቃት፣ በጣቷ የልጇን ፎቶ አሳየችኝ። በልጇ ስም ጀመርን።